አሮጌ ናፍጣ ሞተር ሳይወርድ እንዲቆይ ምን እናድርግ? (3ኤል፣ 5ኤል እና 1ኤችዜድ የያዛችሁ አንብቡት)

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው አሮጌ ናፍጣ መኪና ይዛችሁ በሱ እንጀራ ለምትበሉ፣ ወይም ቤተሰብ ለምታመላልሱበት ሰዎች ነው። ዶልፊን ይሁን ሃይሉክስ ፒክአፕ ይሁን ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር፣ ኮፈኑን ስትከፍቱት የቶዮታ ሞተሮቹን 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል ወይም ትልቁን ባለ 6 ሲሊንደር 1ኤችዜድ ካገኛችሁ ይመለከታችኋል። ሌላ አሮጌ ናፍጣ ከሆነም ቁጥሮቹ ይለያያሉ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

እኔ ያለኝ 3ኤል ፒክአፕ ነው፣ ከ10 አመት በላይ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ እየተመላለስኩ ሰርቼበታለሁ። አንድ ጊዜ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቫልቮቹ ያሉበት) ተሰንጥቆብኛል፣ እሱን ታች እነግራችኋለሁ። ከዛ ወዲህ ግን ሞተሩ አልተፈታም፣ ጠዋት ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል።

እንደምታውቁት በ2012 የኤክሳይስ ታክሱ አሮጌ መኪና ላይ ተቆለለ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፣ ስለዚ እጃችን ላይ ያለው መኪና ዋጋው ሌላ ሆኗል። ሞተር ወርዶ መስራት ስንት እንደሚያስወጣ የደረሰበት ያውቀዋል። እና እኔ "አሮጌ ስለሆነ ነው" የሚለውን የመካኒክ መልስ አልቀበልም። እነዚህ ሞተሮች በእድሜ አይሞቱም። የሚገድላቸው ሙቀት፣ አቧራ እና ውሃ የገባበት ናፍጣ ነው፣ ሶስቱንም ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ኮፈን ከፍቶ ሊያያቸው ይችላል።

መጀመሪያ፦ መኪናውን ስትገዙ ወይም ታሪኩን ካላወቃችሁ

ኪሎ ሜትሩን አትመኑ፣ ሻጩ "አሁን ነው ሰርቪስ የተደረገው" ቢላችሁም አትመኑ። ሁሉንም ከዜሮ ጀምሩ። የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የራዲያተር ውሃ፣ የፋን ቺንጋ (ቀበቶ)፣ እና ከሁሉም በላይ ታይሚንግ ቤልት (የፒስተኑንና የቫልቩን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ባለ ጥርስ ቀበቶ)። ይሄን ሁሉ ባንድ ቀን ቀይሩና ኪሎ ሜትሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ወጪው ይከብዳል አውቃለሁ፣ ግን ከዛ በኋላ የት እንዳላችሁ ታውቃላችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ይቺን ሙከራ አድርጉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሂዱ፣ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን እመጣለሁ በሉት፣ ምክንያቱም የናፍጣ ሞተር በሽታው የሚታየው ጠዋት በብርድ ነው። ሲነሳ ስንት ጊዜ እንደዞረ ስሙ። ከሞቀ በኋላ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱትና ገልብጣችሁ አፉ ላይ አስቀምጡት፣ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም፣ ገፍቶ ከጣለው ወይም ከአፉ እንደ ጭስ ማውጫ ጭስ የሚተፋ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል ማለት ነው፣ የማቃጠያው ጋዝ በፒስተኑ ጎን እያለፈ ወደ ታች እየወረደ ነው።

በየጠዋቱ፦ 5 ደቂቃ

ቁልፍ ከመክፈታችሁ በፊት፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፦

1. የዘይት መለኪያዋን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ አስገብታችሁ አውጡ። በሁለቱ ምልክት መሀል መሆን አለበት። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በማግስቱ ይጠቁራል፣ ያ ጤነኛ ነው፣ ጥቀርሻውን እየሰበሰበ ነው። የሚያስፈራው ዘይቱ ወተት እንደገባበት ሻይ ሲመስል ነው፣ ውሃ ተቀላቅሏል፣ እንዳታስነሱት። መጠኑ ደግሞ ሳትጨምሩበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ናፍጣ እየገባበት ነው፣ ዘይቱን ያቀጥነውና ብሮንዚናውን (ዋናው ዘንግ የሚዞርበትን ሽፋን) ይበላዋል።

2. የራዲያተሩን ክዳን ፍቱ፣ ሲቀዘቅዝ ብቻ። ውሃው እስከ አፉ ሙሉ መሆን አለበት። ሪዘርቫው (ጎን ያለው የትርፍ ውሃ እቃ) ብቻ ታይቶ አይታለፍም፣ ሪዘርቫው ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ክዳኑ ወይም ቱቦዋ ከተበላሸ ውሃው ተመልሶ አይሳብም።

3. ሌሊት የቆመበትን መሬት እዩ። ጥቁር ጠብታ ዘይት ነው፣ እጅ ላይ ሲሹት ቀጭን ሆኖ የሚሸት ናፍጣ ነው፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ውሃ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው።

4. ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫኑት፣ የተሰነጣጠቀ ወይም የላላ ከሆነ አይሄድም።

በቃ ይሄ ነው። ረዳት ያላችሁ ለረዳቱ አስተምሩት፣ ግን ራሳችሁም እዩ።

ውሃና ሙቀት፦ እዚህ ላይ ብዙ ልቆይ ነው

ምክንያቱም አብዛኛው የነዚህ ሞተሮች ሞት እዚህ ነው። 2ኤልና 3ኤል ቴስታታቸው ሙቀት አይችልም፣ አንዴ በደንብ ካፈላ ቫልቮቹ መሀል ይሰነጠቃል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ የሚሰራው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው፣ አያችሁት አይደል ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ? ታዲያ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፣ እስከዛ ግፊት ድረስ ይይዛል፣ ያ ግፊት ሲኖር ውሃው አዲስ አበባ ላይም ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ላስቲኩ ያለቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ከሆነ ግን ግፊት የለም፣ ስለዚ ቆላ ላይ የማያፈላ መኪና ደጋ ላይ ያፈላል። ብዙ ሰው ራዲያተር አስወርዶ አስጠርጎ፣ ቴስታታ አስፈትቶ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ ክዳኑ ሆኖ ተገኝቷል። ኦሪጅናል ክዳን ግዙ፣ በየሁለት አመቱ ቀይሩት።

ቴርሞስታት። አሁን የኔን ታሪክ ልንገራችሁ። መኪናው ትንሽ ሙቀት ሲያሳይ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ቴርሞስታቱን አውጥተው ጣሉትና "ለኛ አገር አያስፈልግም፣ አሁን ውሃው በነጻነት ይዞራል" አሉኝ፣ እኔም አመንኩ። ከተማ ውስጥ እውነትም ቀዘቀዘ። ከዛ ጤፍ ጭኜ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ዳገቱን ስጀምር የሙቀት መርፌው ተነሳ፣ ግማሽ ሳልደርስ አፈላ። ቴስታታው ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ለምን እንደሆነ ከዛ በኋላ ነው የገባኝ። በነዚህ ሞተሮች ቴርሞስታት ሁለት ስራ አለው፣ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዛው ቅጽበት ደግሞ ከታች ባለችው ሳህን ራዲያተሩን ዘሎ ወደ ሞተር የሚመለሰውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እሱን ስታወጡት አቋራጩ ሁሌ ክፍት ነው፣ ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ራዲያተር ሳያይ ይመለሳል። ቀላል ስራ ላይ አይታወቅም፣ ጭነትና ዳገት ላይ ነው የሚገድለው። በዛ ላይ በብርድ ጊዜ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ አይደርስም፣ ናፍጣ ይበላል፣ ጭስ ያጨሳል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። ስለዚ ቴርሞስታት አይወጣም፣ ከጠረጠራችሁት ድስት ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ክር አስራችሁ ንከሩት፣ ካልተከፈተ አዲስ ግዙ፣ ሲገዙም ያቺ የታችኛዋ ሳህን ያለችውን ተመሳሳይ እቃ አዩና ግዙ።

ውሃው ራሱ፦ የወንዝ ውሃ፣ የቧንቧ ውሃ አይሞላም። ለጭንቅ ቀን ካልሆነ። ደለሉና ጨዉ ራዲያተሩን ይዘጋል፣ ውስጡን ያዝገዋል። ኩላንት ከተጣራ የባትሪ ውሃ (አሲዱን አይደለም) ጋር እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ሙሉ፣ በየሁለት አመቱ ቀይሩ። ሲሞሉ ቀስ ብሎ ነው፣ የካቢን ማሞቂያውን ሙሉ ከፍታችሁ፣ ሞተሩ እየሰራ አየሩ እስኪወጣ ድረስ እየጨመራችሁ፣ የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ጨመቅ እያደረጋችሁ።

ፋኑ ደግሞ መሀሉ ላይ ቪስኮስ አለው፣ ሲሞቅ የሚይዝ ሲቀዘቅዝ የሚለቅ። ሞተሩ በጣም ሞቆ ሲጠፋ በእጅ አዙሩት፣ እንደ መንኮራኩር በነጻ ከተሽከረከረ ዘይቱ አልቋል። አንዳንዱ በብየዳ ያጣብቀዋል፣ አይሁን፣ ፋኑ ተሰብሮ ራዲያተሩን ይበሳዋል።

ዳገት ላይ መርፌው መነሳት ከጀመረ እንዲህ አድርጉ። ኤሲ ካለ አጥፉ። የካቢን ማሞቂያ ሙሉ ክፈቱ፣ ትኩስ ነው ግን ሁለተኛ ራዲያተር ማለት ነው። ማርሽ ቀንሱ፣ በከፍተኛ ማርሽ እየተንገዳገደ ከሚሄድ በዝቅተኛ ማርሽ ዞሮ ቢሄድ ፋኑም የውሃ ፓምፑም ይፈጥናል። ካልቀነሰ ቁሙ። ውሃ ካልፈሰሰ ወዲያው አታጥፉት፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ ቆሞ ይስራ፣ ውሃ ፈስሶ ካያችሁ ግን ያኔውኑ አጥፉ። ክዳን አይነካም። የፈላ ራዲያተር የከፈተ ሰው ፊቱ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቃል፣ ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቁ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ውስጥም ውጭውም ላይ አይፈስም፣ ላቫጆ ስትወስዱትም እንደዛው፣ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።

ሌላ የማይነገር ነገር፣ የሙቀት መርፌው ውሃ ሲኖር ብቻ ነው እውነቱን የሚናገረው። ውሃው ሙሉ በሙሉ ከፈሰሰ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀራል፣ መርፌው ኖርማል ላይ ቆሞ ሞተሩ ግሪፕ ሊያደርግ (ተጣብቆ ሊቀር) ይችላል። ስለዚ ድንገት ጉልበት ከቀነሰ፣ የካቢን ማሞቂያው ድንገት ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ መርፌውን ሳታዩ ቁሙ።

የቴስታታ ጋስኬት ወይም ስንጥቅ ከጠረጠራችሁ፦ ጠዋት በቀዝቃዛው አስነሱትና ወዲያው የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨብጡት። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ከሆነ የማቃጠያ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሳያቋርጥ አረፋ የሚያወጣም ያው ነው። እንደዚህ ሆኖ ገደል የሚያህል ዳገት አትጀምሩ።

ናፍጣው

እነዚህ ሞተሮች ላይ ያለው የናፍጣ ፖምፓ ዘይት የለውም፣ የሚቀባው ራሱ የሚያልፍበት ናፍጣ ነው። ስለዚ ውሃ ከገባ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ብረት በብረት ይፋጫል፣ ፖምፓው ያልቃል፣ ቀጥሎ ኖዝሎቹ (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት)። ፖምፓ ማሰራት ከባድ ወጪ ነው፣ ውሃ ማፍሰስ ግን ነጻ ነው።

ከታወቀ ማደያ ቅዱ፣ ቦቴ እየገለበጠ ከሆነ ሌላ ቀን፣ ደለሉ ተበጥብጧል። ነዳጅ ጠፍቶ በጀሪካን መግዛት ግድ ከሆነ ጀሪካኑን ሌሊቱን ሳይነካ አስቀምጡት፣ ጠዋት ሳታናውጡ በወፍራም ጨርቅ አጣርታችሁ ቅዱ፣ የመጨረሻውን አንድ ሁለት ሊትር ተዉት፣ ውሃው እዛ ነው ያለው። ማታ ደግሞ ታንከሩን ባዶ አድርጋችሁ አታሳድሩ፣ በተለይ ደብረ ብርሃንን የመሰለ ብርድ ቦታ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሰራል።

ውሃ የማፍሰሱ አሰራር፦ የናፍጣ ፊልትሮው ስር የፕላስቲክ መፍቻ አለች፣ እቃ አስቀምጡ፣ ሁለት ዙር ያህል በእጅ ፍቱ፣ ራሱ ላይ ያለችውን በእጅ የምትጫን ፓምፕ ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ መጀመሪያ ውሃና ቆሻሻ ይወጣል፣ ንጹህ ናፍጣ ሲመጣ በእጅ ብቻ አጥብቁ፣ በፒንሳ አታጥብቁት ይሰበራል። የወጣውን በጠርሙስ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ እዩት፣ ውሃው ከስር ይቀመጣል። እኔ በየወሩ አፈሳለሁ፣ ክረምት በየሁለት ሳምንቱ። ዳሽቦርድ ላይ የፊልትሮ መብራት ከበራማ የዛን ቀኑን።

ፊልትሮውን በየ10,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። አዲሱን ስታስሩ ላስቲኳን ናፍጣ ቀቡ፣ በእጅ አጥብቁ፣ ከዛ የእጅ ፓምፗ እስክትደነድን ድረስ ጫኑ። ካልነሳ አየር አለ፣ ኖዝሎቹ ላይ ያሉትን የብረት ቱቦ ዳዶዎች በ17 ቁልፍ ግማሽ ዙር አላሉ፣ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ያዙር፣ ናፍጣ ተፍ ተፍ ሲል አንድ በአንድ አጥብቁ። ሞተሩ እየሰራ ቱቦ አትፍቱ፣ እጃችሁንም ወደሚረጨው አታስጠጉ፣ ያ ግፊት ቆዳ ይበሳል፣ ናፍጣ ደም ውስጥ ከገባ ሀኪም ቤት ነው።

ጠዋት ጠዋት ብዙ ካልዞረ አልነሳም የሚል፣ የእጅ ፓምፗን ስትጫኑ ግን ወዲያው የሚነሳ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ናፍጣ ሳያንጠባጥብም አየር ሊስብ ይችላል። በፊልትሮና በፖምፓ መሀል ለጊዜው በሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ቀይሩና እዩ፣ አረፋ ካያችሁ አገኛችሁት፣ ብዙ ጊዜ የደረቀ ላስቲክ ወይም የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ነው።

መንገድ ላይ ድንገት ክልትው ብሎ ከጠፋ፣ ፖምፓው ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባባት ማቋረጫ አለች። ቁልፉን ስትከፍቱ ጠቅ የሚል ድምጽ መስማት አለባችሁ፣ ካልሰማችሁ ሽቦዋ ወልቃ ወይም ፊውዝ ተቃጥሎ ይሆናል። ስንቱ ሰው በዚች አንድ ሽቦ ምክንያት መኪና አስጎትቷል።

የፖምፓውን ቪቴ (የናፍጣ መጠን ማስተካከያውን ቡሎን) ደግሞ ጉልበት እንዲጨምር ብላችሁ አታስከፍቱ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያለውን አየር ነው የሚስበው፣ ናፍጣ ብትጨምሩለት የሚያቃጥልበት አየር የለውም። ትርፉ ጥቁር ጭስ፣ ሙቀትና ቦሎ ላይ መመለስ ነው።

አየር ፊልትሮ

ፒስታ መንገድ የምትሰሩ ይሄን እንዳትዘሉ። አቧራ ማለት አሸዋ ነው፣ በተበጠሰ ፊልትሮ ጥቂት ከገባ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ሸካራ ወረቀት ይሞርደዋል። ፊልትሮውን በኮምፕሬሰር ስትነፉ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ከሩቅ፣ በቀስታ። በውሃ አይታጠብም፣ መሬት ላይ አይደበደብም። ከነፋችሁ በኋላ ውስጡ የእጅ ባትሪ አስገቡና ጨለማ ቦታ እዩት፣ የሚበራ ቀዳዳ ካለ ጣሉት። ከዛ ዋናው፣ ፊልትሮው ካለፈ በኋላ ያለውን ወደ ሞተር የሚገባ ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ ፊልትሮው ሳይሆን ቱቦው ወይም ክሊፑ ነው የሚያስገባው፣ ያን ሳትዘጉ አዲስ ፊልትሮ ብትገዙ ዋጋ የለውም።

ዘይት

በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ከነፊልትሮው። 15ደብልዩ-40 የናፍጣ ዘይት፣ ጀሪካኑ ላይ ሲኤፍ-4 ወይም ሲአይ-4 የሚል ያለበት። 3ኤልና 5ኤል 6 ሊትር አካባቢ ይወስዳል፣ 1ኤችዜድ ከ9 ሊትር በላይ፣ ግን መለኪያዋን ነው የምታምኑት። ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ አፍስሱ፣ ጊዜ ስጡት። አዲስ ፊልትሮ ስትገዙ ሶማሌ ተራ ላይ የሚመሳሰል ካርቶን ሞልቷል፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ለስላሳ ላስቲክ ያለውን እዩ፣ ያ ላስቲክ ነው ሌሊት ዘይቱ ከፊልትሮው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው። እሱ የደረቀ ወይም የሌለው ከሆነ በየጠዋቱ ሞተሩ ለሁለት ሶስት ሰከንድ ያለ ዘይት ይሽከረከራል፣ ሲነሳ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ እሱ ነው። ረከሰ ብላችሁ ያገለገለ ዘይት በጀሪካን ተጣርቶ የሚሸጠውን አትሙሉ፣ እለምናችኋለሁ።

ከረጅም መንገድ ወይም ከዳገት ስትደርሱ ወዲያው አታጥፉ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይስራና ሙቀቱ ይረጋጋ።

ታይሚንግ ቤልት

እነዚህ ሞተሮች ላይ ሰንሰለት የለም፣ ላስቲክ ቤልት ነው፣ እሱ ሲበጠስ ፒስተን ቫልቭ ይመታል። ሞተሩ በዛች ቅጽበት ያበቃለታል፣ ምልክትም አይሰጥም። 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳሽቦርድ ላይ ቲ-ቤልት የሚል መብራት ይበራል፣ ግን አሮጌ መኪና ላይ መብራቷ ተነቅላ ወይም ኪሎ ሜትሩ ተቀንሶ ይሆናል። ታሪኩን ካላወቃችሁ ዛሬ ቀይሩ፣ ነገ አትበሉ።

ሲቀየር አጠገቡ ቁሙና ይሄን እዩ፦ ቴንሽነሩ አብሮ ይቀየር፣ የኮሎዶካውና የካምሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግና ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የፊት ኦይል ሲል (ዘይት መያዣ ላስቲክ) አብሮ ይቀየር፣ ምክንያቱም ዘይት ወይም ናፍጣ የነካው ቤልት ይላጫል። የካምሻፍቱ፣ የፖምፓውና የኮሎዶካው ምልክቶች ልክ መግጠማቸውን በአይናችሁ እዩ፣ ከዛ በሞተሪኖ ሳይሆን በእጅ፣ በትልቁ ቡሎን ላይ ቁልፍ አስገብቶ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙረው፣ ምልክቶቹ ተመልሰው ከገጠሙ ነው ሽፋኑ የሚታሰረው። መካኒኩ "አያስፈልግም" ካለ በትህትና "ለኔ ብለህ አዙራት" በሉት። ሽፋኑ ላይ በቀለም ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ።

ብርድ ላይ እምቢ ሲል፣ ጭስ ሲያወጣ

ማሞቂያ ካንዴላዎቹን በቴስት ላምፕ እዩ፦ ሁሉንም የሚያገናኘውን ብረት ፍቱ፣ የመብራቱን አንድ ጫፍ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን በየካንዴላው ጫፍ ላይ አድርጉ፣ የማይበራው ሞቷል። አዲስ ስትገዙ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት ጠብቁ፣ 6 ቮልት የሆኑም አሉ፣ 12 ቮልት የሆኑም፣ ካቀላቀላችሁ ወይ ይቃጠላል ወይ አይሞቅም። በሽቦ ቀጥታ ከባትሪ አስነስቶ መልመድ ጥሩ አይደለም፣ ኤተር መርጨትማ ጨርሶ አይሆንም፣ የጋለ ካንዴላ ላይ ፒስተን ይሰብራል።

ጭሱን በቀለም ለዩት። ጥቁር ማለት ናፍጣው በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ ነው፣ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ኖዝል፣ ከዛ ፖምፓ። ጠዋት ነጭ ሆኖ አይን የሚያቃጥልና ሲሞቅ የሚጠፋ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ካንዴላ ወይም ኖዝል ወይም ኮምፕሬሽን። ሞቆም የማይጠፋ፣ ውሃ እየቀነሰ የሚመጣ ነጭ የቴስታታ ነው። ሰማያዊ ዘይት ነው፣ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ (የቫልቭ ዘይት መያዣ ላስቲክ)።

ኮምፕሬሽን ስታስለኩ አንድ ነገር አስታውሱ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባህር ወለል ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ብሎ ነው የሚያሳየው። ስለዚ "ቁጥሩ አነሰ፣ ሞተር ይውረድ" ከተባላችሁ አትደንግጡ፣ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ፣ ከ5 ባር በላይ ከተለያዩ ነው ችግሩ። ከዛም በፊት የቫልቭ ክፍተት አስለኩ፣ 3ኤልና 5ኤል በቀዝቃዛው መግቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ መውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር፣ 1ኤችዜድ መግቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ መውጫው ከ0.35 እስከ 0.45። ክፍተቱ ጠቦ ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቶ ኮምፕሬሽን የሚያጣ ሞተር ብዙ ነው፣ እሱ በሺም (በቀጭን የብረት ሳህን) ይስተካከላል፣ ሞተር አይወርድም።

ፍሬኑ ድንገት ከደነደነ

ይሄን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው የጨመርኩት። የፍሬኑን ሰርቮ (ፔዳሉን የሚያቀለውን) የሚያግዘው የቫኪዩም ፓምፕ በ2ኤል፣ በ3ኤልና በ5ኤል የዲናሞው ጀርባ ላይ ነው የተገጠመው፣ ዘይትም ከሞተሩ በቀጭን ቱቦ ይሄድለታል። ቱቦው ከፈነዳ የሞተር ዘይት በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፣ የፓምፑ ኦይል ሲል ካለቀ ደግሞ ዘይቱ ዲናሞው ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል። ስለዚ ዲናሞ ስታስሰሩ ቱቦዎቹን አብራችሁ አስቀይሩ፣ ዲናሞ ስትገዙም ፓምፕ ያለውን ግዙ።

መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ

5 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ 2 ሊትር ዘይት፣ አንድ የናፍጣ ፊልትሮ፣ አንድ የፋን ቺንጋ፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስት ላምፕ፣ ሁለት ሶስት ፋሸታ፣ ፊውዝ፣ አንድ ሜትር የናፍጣ ቱቦ፣ የእጅ ባትሪ። እና ደብተሯ። ዘይት የተቀየረበት፣ ፊልትሮ የተቀየረበት፣ ቤልት የተቀየረበት ኪሎ ሜትር፣ በወር ስንት ዘይትና ስንት ውሃ እንደጨመራችሁ። ባለፈው ወር ምንም ያልጨመራችሁበት ራዲያተር በዚህ ወር አንድ ሊትር ከጠየቀ ወደ ዓባይ ከመውረዳችሁ በፊት ውሃው የት እንደሄደ ፈልጉ።